የመሐንዲሱ ጄኔራል አባት ማን ነበር?

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



የኢትዮጵያ ሰው ስሙን ሲጠየቅ የራሱን ብሎ የአባቱን ያስከትላል፤ ሦስተኛ ከተጠየቀም የአያቱን ይጨምራል። ስለዚህ ስሙን በተናገረ ቁጥር የዘር ሐረጉን ጫፍ ይጠራል ማለት ነው። ጋብቻ ሲታሰብም ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። ይህ ልማድ ለብዙ ዘመን ያለ መዝገብና ያለ ማኅተም ሲሠራበት የኖረ የትውልድ ማኅደር ነው።

የዛሬው ንግግር የሚመለከተው ሰው ግን ሦስት ስሞች ነበሩት፤ ከሦስቱም አንዱ እንኳ የአባቱ አይደለም። አብራም የሚለው በልጅነቱ ሲጠራበት ከነበረው ኢብራሂም ከሚለው ስም ጋር አንድ ነው። ፔትሮቪች የተባለው የሩሲያው ንጉሥ ታላቁ ጴጥሮስ የክርስትና አባቱ ስለ ሆነ ነው። ጋኒባል የሚለውን የቤተሰብ ስም ደግሞ በጎልማሳነቱ ከጥንቱ የካርታጎ የጦር መሪ ከሐኒባል ወስዶ ለራሱ ሰጠው። አብራም ፔትሮቪች ጋኒባል የታላቁ የሩሲያ ባለቅኔ የአሌክሳንድር ፑሽኪን የእናቱ አያት ነው። ለዚህ ማኅበር ግን ከዚያ በፊት የሚነሣ ሌላ ማዕርግ አለው፤ ይኸውም መሐንዲስነቱ ነው።

ጋኒባል በ1696 አካባቢ እንደ ተወለደ ይገመታል። ገና ሕፃን ሳለ ከአፍሪቃ ተወስዶ ቁስጥንጥንያ ደረሰ፤ ከዚያም በ1704 ለታላቁ ጴጥሮስ በሚሠሩ ሰዎች እጅ ወደ ሞስኮ ተላለፈ። በ1705 በቪልኒየስ ከተማ ተጠመቀ። በ1717 ንጉሡ ወደ ፈረንሳይ በሄደ ጊዜ አብሮ ተጓዘ፤ በዚያም ቀርቶ በላ ፌር የመድፈኛ ትምህርት ቤት ሒሳብና የምሽግ ሥራ ተማረ። በ1723 ወደ ሩሲያ ተመለሰ፤ በ1726 ስለ ጂኦሜትሪና ስለ ምሽግ አሠራር ያዘጋጀውን ባለ ሁለት ቅጽ የእጅ ጽሑፍ ለንግሥት ካትሪን ቀዳማዊት አበረከተ። ጴጥሮስ ከሞተ በኋላ የቤተ መንግሥቱ ሰዎች ስላልወደዱት በ1727 ወደ ሳይቤሪያ፣ እስከ ቻይና ወሰን ድረስ ተላከ፤ እዚያም በሴሌንጊንስክ በምሽግ ሥራ ላይ ተመደበ። የጴጥሮስ ልጅ ኤልሣቤጥ ስትነግሥ ግን ዕድሉ ተመለሰ። በ1742 ሜጀር ጄኔራልና የሬቫል ማለትም የዛሬዋ ታሊን አዛዥ ሆነ፤ ኋላም የክሮንሽታትን የወደብ ሥራዎችና የላዶጋን ቦይ የሚቆጣጠር የመሐንዲሶች አለቃ ሆኖ በ1759 የጠቅላይ ጄኔራልነት ማዕርግ አገኘ። በ1762 ከሥራ ተሰናበተ፤ በ1781 በሴንት ፒተርስበርግ አቅራቢያ በሱይዳ ርስቱ ሞተ።

እንዲህ ያለ ሰው የት ተወለደ? አባቱስ ማን ነበር? ጥያቄው ዛሬም መልስ አላገኘም። በአዲስ አበባ በፑሽኪን ስም የሚጠራ አደባባይ አለ፤ በአስመራም በ2009 ሐውልት ቆሞለታል። በካሜሩን ሰሜናዊ ክፍል ያለችው ሎጎን ቢርኒ የምትባል ከተማም የጋኒባል የትውልድ ቦታ ናት ተብላ ትጠቀሳለች። አንድ ሰው በሁለት ቦታ ሊወለድ አይችልምና ከነዚህ ወገኖች አንዱ፣ ምናልባትም ሁለቱም፣ ተሳስተዋል።

የመዝገቡ ምስክርነት

ጋኒባል ስለ ትውልዱ የተናገረው ዋናው ጽሑፍ በ1742 የመኳንንት ማዕርግና የጦር አርማ እንዲፈቀድለት ያቀረበው ማመልከቻ ነው። በማመልከቻው ከአፍሪቃ መምጣቱን፣ ከአገሩ ከፍተኛ መኳንንት ወገን መሆኑን፣ በአባቱ ግዛት በላጎን ከተማ መወለዱን፣ አባቱም ከዚህች ሌላ ሁለት ከተሞች እንደሚገዛ ገልጿል። በጽሑፉ ውስጥ ሐበሻ ወይም አቢሲኒያ የሚል ቃል የለም። በአርማው ላይ ዝሆን አስቀርጿል፤ ከሥሩም ፉሞ ተብሎ የሚነበብ ቃል አለ።

አቢሲኒያ የሚለው ስም የመጣው ጋኒባል ከሞተ በኋላ አማቹ ሮትኪርኽ በጀርመንኛ ከጻፈው የሕይወት ታሪክ ነው። ይህ ጽሑፍ በጋኒባል ልጅ በፔትር እጅ ቆይቶ ወደ ፑሽኪን ደርሷል። ፑሽኪንም ስለ ቅድመ አያቱ የቤተሰቡን ትዝታ ጽፏል። እንደ ትዝታው ከሆነ የጋኒባል አባት አሥራ ዘጠኝ ወንዶች ልጆች ነበሩት፤ የመጨረሻውም እርሱ ነበር። ታላላቆቹ እጃቸው ወደ ኋላ ታስሮ ወደ አባታቸው ሲቀርቡ እርሱ ብቻ በነፃነት ይጫወት ነበር። መርከቡ ሲወስደው ላጋን የምትባል እኅቱ እየዋኘች ተከተለችው። ከብዙ ጊዜ በኋላም አንድ ታላቅ ወንድሙ እስከ ሴንት ፒተርስበርግ መጥቶ ሊቤዠው ቢጠይቅ ጴጥሮስ የክርስትና ልጁን አልሰጥም አለ ይባላል።

ይህን ማስረጃ በጥንቃቄ ማየት ያስፈልጋል። ተናጋሪው ሲወሰድ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልጅ ነበር። ጽሑፉ የተጻፈው ከሰማንያ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በሌላ ሰው እጅና በሌላ ቋንቋ ነው። የከተማዋ ስም ላጎን፣ የእኅቱም ስም ላጋን መሆኑ አንድ የልጅነት ቃል በሁለት ቦታ ተሰንጥቆ የቀረ እንዳይሆን ያሠጋል። ዝሆኑም ቢሆን ምስክርነቱ ደካማ ነው፤ በዚያ ዘመን ዝሆን በመረብ ዳርም በቻድ ሐይቅ ዙሪያም ይገኝ ነበር።

በ1899 ሩሲያዊው ሊቅ ዲሚትሪ አኑቺን ይህን ነገር መርምሮ ላጎን የተባለችው ከመረብ ወንዝ በስተሰሜን ባለው፣ ዛሬ በኤርትራ ውስጥ በሚገኘው አገር ሎጎ የሚባለው ቦታ ነው ሲል ደመደመ። ኢትዮጵያውያን ጸሐፊዎችና አንባቢዎች ሲቀባበሉት የኖሩት ይህን ሐሳብ ነው። በ1964 ደራሲው ቭላዲሚር ናቦኮቭ የፑሽኪንን ሥራ ተርጉሞ ባሳተመ ጊዜ የጋኒባልን ታሪክ በሰፊው መርምሮ የአኑቺንን መደምደሚያ ተጠራጠረ። በ1996 ደግሞ የቤኒን ተወላጅ የሆነው ዲዮዶኔ ኛማንኩ ባወጣው መጽሐፍ ላጎን ማለት በሎጎን ወንዝ ዳር ያለችው፣ የኮቶኮ ሕዝብ ከተማ ሎጎን ቢርኒ ናት፤ ፉሞ የተባለውም ቃል የኮቶኮ ቋንቋ ነው ሲል ተከራከረ።

ሁለቱም መላምቶች በካርታ ላይ መንገድ አላቸው። ምጽዋ በኦቶማን ቱርኮች እጅ ስለ ነበረች ከመረብ ማዶ የተያዘ ልጅ በቀይ ባሕር በኩል ቁስጥንጥንያ ሊደርስ ይችላል። ከቻድ ሐይቅ አጠገብ የተያዘውም በፌዛን በረሃ አልፎ ትሪፖሊ ይደርሳል፤ ትሪፖሊም ያን ጊዜ በኦቶማን ግዛት ውስጥ ነበረች። እኅቲቱ ዋኝታ መከተሏ ወንዝ ዳር ላለችው ለሎጎን ቢርኒ ያደላል፤ አቢሲኒያ የሚለው ቃል ደግሞ ለመረብ ያደላል። የቅየሳ ባለሙያ ከአንድ የታወቀ ነጥብ ተነሥቶ ወደ ሌላ የታወቀ ነጥብ ካልደረሰ ስሕተቱን ሊያውቅ እንደማይችል ሁሉ፣ በጋኒባል ጉዳይም የመዝገቡ መሥመር አንደኛው ጫፉ ክፍት ሆኖ ቀርቷል።

የደም ምስክርነት

መዝገብ በቆመበት ቦታ ላይ ዛሬ ሌላ መሣሪያ ተገኝቷል፤ ይኸውም የዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ ነው። የአሠራሩ መሠረት ውርስ በሦስት መንገድ መተላለፉ ነው። አንደኛ፣ ዋይ የሚባለው ክሮሞዞም ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ ሳይቀላቀል ይሄዳል። ሁለተኛ፣ በሕዋስ ውስጥ በሚቶኮንድሪያ ያለው ዲ.ኤን.ኤ. ከእናት ወደ ልጆቿ ሁሉ ይተላለፋል፤ ወንዶች ልጆቿ ግን ለልጆቻቸው አያወርሱትም። ሦስተኛ፣ የቀሩት ሃያ ሁለት ጥንድ ክሮሞዞሞች ከአባትም ከእናትም እኩል ይወረሳሉ፤ ስለዚህ የአንድ ቅድመ አያት ድርሻ በየትውልዱ በአማካይ በግማሽ ይቀንሳል።

የመጀመሪያው መንገድ ምን ሊሠራ እንደሚችል በ1998 የታተመ አንድ ጥናት አሳይቷል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቶማስ ጄፈርሰን በባርነት ትኖር ከነበረችው ከሳሊ ሄሚንግስ ልጆች ወልዷል ወይስ አልወለደም የሚለው ክርክር ሁለት መቶ ዓመት ያህል የቆየ ነበር። ጄፈርሰን ወንድ ዘር ስላልተረፈለት ተመራማሪዎቹ ከአጎቱ በወንድ መሥመር የተወለዱ ሰዎችን ደም ወስደው፣ የሳሊ የመጨረሻ ልጅ ከሆነው ከኤስተን በወንድ መሥመር ከተወለደ ሰው ደም ጋር አመሳከሩት፤ አንድ ሆኖ ተገኘ። ይሁን እንጂ ምርመራው ያለው የኤስተን አባት ከጄፈርሰን የወንድ ዘር ነው ብቻ ነው። ያ ሰው ቶማስ ራሱ መሆኑን ለመናገር የታሪክ ጸሐፊዎች በየትኛው ዓመት በየትኛው ወር የት እንደ ነበረ የሚያሳየውን መዝገብ መጨመር ነበረባቸው።

ሦስተኛው መንገድ የበለጠ አስደናቂ ውጤት አስገኝቷል። ሐንስ ዮናታን የሚባል ሰው በ1784 በካሪቢያን ባሕር በሴንት ክሮይ ደሴት ከአፍሪቃዊት ባሪያ ተወለደ። ወደ ዴንማርክ ተወስዶ በ1802 ስለ ነፃነቱ በፍርድ ቤት ተከራክሮ ተረታ፤ ከዚያም ወደ አይስላንድ አምልጦ አግብቶና ወልዶ በ1827 ሞተ። አጽሙ አልተመረመረም። ሆኖም በ2018 በታተመ ጥናት የአይስላንድ ተመራማሪዎች ከታወቁት 788 ተወላጆቹ መካከል የ182ቱን ዲ.ኤን.ኤ. መርምረው፣ በየሰው ላይ ተበታትነው የቀሩትን አፍሪቃዊ ቁራጮች ሰብስበው ከእናቱ ከወረሰው ክፍል 38 በመቶ ያህሉን መልሰው ገነቡ። ውጤቱም የእናቱ ዘር ዛሬ ቤኒን፣ ናይጄሪያና ካሜሩን ከሚገኙበት አካባቢ መሆኑን አመለከተ። ይህ የተቻለው የአይስላንድ የትውልድ መዝገብ የተሟላ ስለሆነና በዚያች ደሴት በዚያ ዘመን ሌላ አፍሪቃዊ ደም እምብዛም ስላልነበረ ነው።

ለጋኒባል ምን ይሠራል?

የፑሽኪን ተወላጆች ዛሬም በሩሲያና በሌሎች አገሮች ይኖራሉ። ብዙ ሰው የፑሽኪን ደም ከተመረመረ ነገሩ ያልቃል ብሎ ሊያስብ ይችላል፤ ነገር ግን እንዲህ አይደለም። ፑሽኪን ከጋኒባል የሚወለደው በእናቱ በኩል ስለ ሆነ ዋይ ክሮሞዞሙ የፑሽኪኖች እንጂ የጋኒባል አይደለም። ሚቶኮንድሪያውም የአያቱ ሚስት የሴት መሥመር ነው፤ ጋኒባል ከአፍሪቃዊት እናቱ ያገኘው የሚቶኮንድሪያ ዲ.ኤን.ኤ. ከእርሱ ጋር ተቀብሯል። የቀረው ሦስተኛው መንገድ ነው። ፑሽኪን ከቅድመ አያቱ የነበረው ድርሻ በአማካይ አንድ ስምንተኛ ነው። ከጋኒባል ስምንተኛ ትውልድ ላይ ያለ ሰው ድርሻ አንድ ሁለት መቶ ኀምሳ ስድስተኛ፣ ማለትም ከመቶ 0.4 ያነሰ ነው። ዲ.ኤን.ኤ. እንደ ዱቄት ሳይሆን እንደ ገመድ ቁራጭ የሚወረስ ስለሆነ ከዚህ ትውልድ መካከል ምንም ያልደረሰው ሰው መኖሩ አይቀርም። ስለዚህ እንደ ሐንስ ዮናታን የብዙ ሰዎችን ቁራጭ ማሰባሰብ ግዴታ ነው።

ዋይ ክሮሞዞሙን ለማግኘት ደግሞ ከጋኒባል በወንድ መሥመር ብቻ የተወለደ ሰው ያስፈልጋል። ታላቁ ልጁ ኢቫን፣ የኬርሶንን ከተማ የመሠረተው፣ ሳያገባ ሞቷል። ከሌሎቹ ወንዶች ልጆቹ፣ ለምሳሌ ከፔትርና ከኢሳክ፣ ሳይቋረጥ የወረደ ሰው ቢገኝ አንዱን ብቻ መርምሮ መደምደም አይገባም። ከሁለት ወንድማማቾች የወረዱ ሁለት ሰዎች ውጤት አንድ ከሆነ ብቻ መሥመሩ የጋኒባል መሆኑ ይረጋገጣል። የቅየሳ ሥራ ተዘግቶ እንደሚፈተሽ መሆኑ ነው።

ይህ ቢሳካ ሁለቱን መላምቶች ለመለየት ተስፋ አለ። በ2010 የታተመ ጥናት እንዳሳየው አር-ቪ88 የሚባለው የዋይ ክሮሞዞም ቅርንጫፍ በቻድ ሐይቅ ዙሪያ የቻዲክ ቋንቋዎችን በሚናገሩ ሕዝቦች ዘንድ እጅግ የበዛ ነው፤ የኮቶኮ ቋንቋም ከነዚህ አንዱ ነው። በአፍሪቃ ቀንድ በብዛት የሚገኙት ግን እንደ ኢ-ኤም78 እና ጄ1 ያሉ ሌሎች ቅርንጫፎች ናቸው። የመጀመሪያው ቢገኝ ሚዛኑ ወደ ሎጎን ቢርኒ፣ ሁለተኞቹ ቢገኙ ወደ መረብ ያደላል። ያደላል እንጂ አይቆርጥም፤ ምክንያቱም ሰዎች በሳህል በኩል ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ለሺህ ዓመታት ሲዘዋወሩ ኖረዋል፤ ኢ-ኤም78ም በቀንዱ ብቻ የተወሰነ አይደለም።

በሌሎቹ ክሮሞዞሞች ላይ ደግሞ ለኢትዮጵያና ለኤርትራ ደጋ ሰዎች ልዩ የሆነ ችግር አለ። በ2012 የታተመ ጥናት እንደ ገለጠው ሴማዊና ኩሻዊ ቋንቋ ከሚናገሩ የኢትዮጵያ ሕዝቦች የዘር ውርስ ውስጥ ከ40 እስከ 50 በመቶ የሚሆነው ከአፍሪቃ ውጭ ካሉ ሕዝቦች ጋር የሚቀራረብ ነው። እንዲህ ያለ ቁራጭ በሩሲያዊ ሰው ውርስ ውስጥ ሲገኝ ከአውሮፓዊው ለመለየት ያስቸግራል። ስለዚህ የጋኒባል አባት ከመረብ ማዶ ቢሆን ከቁራጩ ገሚሱ ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል።

ከዚህም በላይ ማንኛውም የንጽጽር መሣሪያ ከማነጻጸሪያው የተሻለ አይሆንም። የቤንች ማርኩ ከፍታ ከተሳሳተ ሌቭሉ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ንባቡ ሁሉ ይሳሳታል። በዲ.ኤን.ኤ. ምርመራም ቤንች ማርኮቹ ዛሬ በየመንደሩ የሚኖሩ ሰዎች ናሙና ናቸው። የአውሮፓ ሕዝቦች ናሙና በብዛት ሲከማች የአፍሪቃ ሕዝቦች በጥቂቱ ተወክለዋል። የኮቶኮና የሎጎ አገር ሰዎች በበቂ ቁጥር፣ ፈቅደውና ምን እንደሚደረግበት ተረድተው ናሙና ካልሰጡ በስተቀር፣ ከሩሲያ የሚመጣው ቁራጭ የሚመሳከርበት ነጥብ አያገኝም።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ምርመራው የሚፈለገውን ብቻ ሳይሆን ያልተፈለገውንም ይገልጣል። ጋኒባል ራሱ የመጀመሪያ ሚስቱ ነጭ ሕፃን በወለደች ጊዜ ክዷት ረጅም የፍርድ ክርክር ውስጥ ገብቷል። በሕይወት ያሉ ተወላጆች ስለ ቤተሰባቸው እንዲህ ያለ ነገር ሊሰሙ ይችላሉና፣ ከመጀመሪያው ሳይነግሩ ናሙና መውሰድ ተገቢ አይደለም።

ከዚህ ምን ይወሰዳል?

በዚህ ጉዳይ ላይ የሚታየው ትልቁ አደጋ መሣሪያው ደካማ መሆኑ አይደለም፤ ውጤቱ ሳይመጣ መልሱ መፈለጉ ነው። አንድ ድልድይ ይሸከማል ተብሎ ስለ ተመኘ አይሸከምም፤ ስሌቱና ፍተሻው ይናገራሉ። የጋኒባልን ትውልድ ሲናገር ኢትዮጵያዊ ባለሙያ ከመረብ ማዶ ነው ተብሎ ይታመናል፣ ከቻድ ሐይቅ አጠገብ ነው የሚሉም አሉ፣ ነገሩ ገና አልተረጋገጠም ቢል ክብር አይጎድልበትም። በተማሪዎች መጽሐፍ ላይ የተረጋገጠ መስሎ የተጻፈ ያልተረጋገጠ ነገር ግን፣ አንድ ቀን ውጤቱ በተቃራኒው ሲመጣ፣ ከአዋቂው ይልቅ ልጁን ያሳፍራል።

ሁለተኛው ነገር ዲ.ኤን.ኤ. ሊሰጥ የማይችለው ነው። ምርመራው ከሁሉ የተሳካ ሆኖ ቢጠናቀቅ እንኳ አገሩን ይጠቁማል እንጂ የአባቱን ስም አይናገርም። ደም ስም አይጠራም። የእናቱ ስም በማመልከቻውም ውስጥ አልተጻፈም። ሰባት ቤት ቆጥሮ የሚያውቅ ሕዝብ ይህ ምን ያህል ትልቅ ማጣት እንደ ሆነ ከማንም ይልቅ ይገባዋል። አንድ ሕፃን ከቤቱ ተነጥቆ ሲሸጥ የሚጠፋው ልጁ ብቻ አይደለም፤ ከእርሱ በላይ ያለው ቆጠራ ሁሉ ይጠፋል። ጋኒባል ምሽግ ሠርቶ፣ ጂኦሜትሪ ጽፎ፣ የጦር መሐንዲሶች አለቃ ሆኖ ያንን ቆጠራ ሊመልሰው አልቻለም። በአርባ ስድስት ዓመቱ ገደማ ማመልከቻውን ሲጽፍ በእጁ የቀረው የአንዲት ከተማ ስም ብቻ ነበር፤ እርሷንም ጻፋት።

ሦስተኛውና የመጨረሻው ነገር ለዚህ ጉባኤ አባላት ቅርብ ነው። የአይስላንዱ ጥናት የተሳካው ከላቦራቶሪው ባልተናነሰ በመዝገቡ ነው። በኢትዮጵያ የትውልድ ቆጠራ አሁንም በብዛት በሽማግሌዎች አንደበት ላይ ነው፤ ሽማግሌው ሲያልፍ ቆጠራውም አብሮ ያልፋል። የሕንፃ ፕላን ሲያነሣ እያንዳንዱን መጠን የሚመዘግብ ባለሙያ፣ ለዕረፍት ወደ ወላጆቹ አገር በሄደ ጊዜ አንድ ደብተር ይዞ የሰባቱን ቤት ስም፣ የተወለዱበትን ቀበሌና የሚያስታውሱትን ዘመን ቢጽፍ፣ የአያቶቹንና የቅድመ አያቶቹን እናቶች ስምም ሳይዘነጋ ቢጨምር፣ ለልጆቹ ምንም ላቦራቶሪ የማይሰጣቸውን ነገር ያተርፍላቸዋል። ለጋኒባል ይህን የሚያደርግለት ሰው አልነበረም። ላሉት ግን ጊዜው ገና አላለፈም።